ረቡዕ የጠራው ስልክ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017

ይህ ደብተር ሆቴላችን ለአዲስ ዓመት ለደንበኞች ካሳተመው የተረፈ ነው። ሽፋኑ ላይ «በሐይቁ ዳር ይረፉ» ይላል። አምስት ዓመት እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሜ አንድ ቀን አላረፍኩም፤ ደብተሩ እንኳ ይድረሰኝ ብዬ ወሰድኩት።

የዮፍታሄ ቀጠሮ ታወቀ። ሰኔ 17። ወንድሜ እንግሊዝ አገር ከገባ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ጥገኝነት ጠይቆ አንዴ «አላመንንህም» ብለውታል፤ አሁን ይግባኙን ዳኛ ፊት ቀርቦ ያስረዳል። እዚያም ካላመኑት መመለስ ነው። ቢመለስ ምን እንደሚጠብቀው እዚህ አልጽፍም።

ነገሩ ሁሉ የቆመው አባዬ ላይ ነው። ዮፍታሄ እዚሁ አዲስ ከተማ ሰፈር የፎቶና ቪዲዮ ቤት ነበረው። ባልተፈለገ ቀን፣ ባልተፈለገ ቦታ ካሜራ ይዞ ተገኘና ታሰረ። የተፈታው አባዬ ዋስ ሆኖ ፈርሞለት ነው። እሱ ከአገር ሲወጣ ዋሱ እዚሁ ቀረ። እዚያ ግቢ፣ ስሙን አልጽፈውም፣ አባዬን በየጊዜው እየጠሩ «ልጅህ የት ነው?» ይሉታል። አምና ግማሽ ጎኑ ከደነዘዘና አፉ ከተያዘ በኋላ እንኳ በባጃጅ ወስጄዋለሁ። «ልጅህ የት ነው?» አሉት። ሳለባቸው።

አባዬና ታናሽ ወንድሙ ጋሽ አለሙ ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ጥጥ ክፍል አብረው ሠርተዋል። ከዚያ ይዘውት የወጡት ሳል አንድ ዓይነት ነው፤ በር ላይ ሲስሉ የትኛው እንደመጣ አይታወቅም። አሁን ለአባዬ የቀሩት ቃላት ሁለት ናቸው፦ «ተባረክ» እና «እሺ»። ዮፍታሄ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይደውላል፤ ስልኩን ጆሮው ላይ እይዝለታለሁ፤ ሁለቱን ቃላት ይላል፤ ይስላል፤ በቃ።

እጮኛዬ ሔኖክ ዛሬም የሠርጋችንን ቀን ጠየቀኝ። «ከሰኔ በኋላ» አልኩት። ባለፈው «ከፋሲካ በኋላ» ነበር ያልኩት።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ከሥራ በፊት፣ በችኮላ። አባዬ ምግብ እየተወ ነው። ትናንት ዮፍታሄ «ኤልሲ፣ አደራ፣ አባዬን በደንብ ያዢው» አለኝ። በደንብ ያዢው! የሚያጥበው ማን ሆነና፣ ሌሊት የሚያገላብጠው ማን ሆነና። አደራ ማለት ከሩቅ ቀላል ነው።

ይህን ጽፌ አፈርኩ። ግን አልሰርዘውም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29

አባዬ አረፈ። ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ።

ላጥበው ውኃ አሙቄ ነበር። ትንፋሹ እየራቀ ሄደ። ቃል አልወጣውም። ያኔ ስልኬ ጠራ፣ ዮፍታሄ ነበር። ረቡዕ ደውሎ አያውቅም። እጄ ሳሙና ነበር፣ አላነሳሁትም።

ሰው እየመጣ ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 1

ትናንት ቀበርነው። ይህን የምጽፈው በረቡዕዋ ገጽ ጀርባ ላይ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ሆኜ እንደወትሮው አዲስ ቅጠል መጀመር እንኳ ደከመኝ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ አለሙ፣ የዕድራችን ሰብሳቢ እትዬ ወርቄና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጥግ ላይ ተቀመጡና ጠሩኝ። የዮፍታሄ ነገር ነው።

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ እትዬ ወርቄ። «ብቻውን ክፍል ውስጥ ደንግጦ ቢወድቅ ማን ያነሳዋል?»

ጋሽ አለሙ ደግሞ «ዳኛ ፊት የሚቆም ልጅ በእንባ አይቆምም። ቀጠሮው ይለፍ» አሉ።

እንዲህ ተወሰነ። እስከ ሰኔ 17 አይነገረው። ከዚያ በኋላ እሱ ካለበት ሁለት ሰዓት ርቀው ያሉ የእኛው አገር የጸሎት ኅብረት ሰዎች ማልደው ቤቱ ሄደው፣ ዙሪያውን ይዘው ይነግሩታል። ወጉ እንደዚያ ነው። ፌስቡክ ላይ ማንም እንዳይለጥፍ ለመጣው ሰው ሁሉ ተነገረ። ዮፍታሄ እንደሆነ ጉዳዩን የያዘችለት ጠበቃ መክራው የራሱን ከዘጋ ቆይቷል።

እኔን «ምን ትያለሽ?» አሉኝ። «እንዳላችሁ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ቀለል አለኝ። ለምን እንደቀለለኝ አልገባኝም።

ከዚያ ግቢም ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር። ተቀመጡ፣ ንፍሮ ዘገኑ፣ «ያጽናችሁ» ብለው ሄዱ። ለለቅሶ ይሁን ለማረጋገጥ አላውቅም።

እሁድ፣ ግንቦት 3

ደወለ።

ለቀስተኞቹን ወደ ጓሮ አወጣናቸው። ጋሽ አለሙ አባዬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ «ሰላም ነን» አልኩ። ሥራዬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ላልተጠረገ ክፍል «እየተዘጋጀ ነው ጌታዬ» እያልኩ ፈገግ እላለሁ። «አባዬስ?» ሲል ስልኩን ለጋሽ አለሙ ያዝኩላቸው። ሳሉ።

«አባዬ! እንዴት አደርክ?»

«እሺ» አሉ ጋሽ አለሙ።

ዮፍታሄ ሳቀ። እንደ ልጅ ነው የሳቀው። ከዚያ እኔን «ረቡዕ ደውዬ ነበር፣ አላነሳሽም» አለኝ። «ሥራ ላይ ነበርኩ» አልኩት።

ስንጨርስ ጋሽ አለሙ ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

በሥራ ሰዓት ደወለ፤ ጠበቃዋ አጠገቡ ነበረች። የምስክርነት ቃሉን እያስተካከሉ ነው። «ኤልሲ፣ አባዬን አሁንም ይጠሩታል ወይ ብላ ነው» አለኝ።

ፊቴ ሻንጣ የያዙ ሁለት እንግዶች ቆመዋል። «እንደ ድሮው ነው» አልኩት።

እንደ ድሮው። ከዚህ የተሻለ ውሸት የት ይገኛል? ለማንኛውም ጥያቄ ይሆናል።

ማታ ሔኖክ ነገሩን ሰምቶ «ይሄ እኮ ወረቀት ላይ ይሰፍራል» አለኝ። «አንድ ወር ነው፣ ያልፋል» አልኩት። ሔኖክ አይከራከርም። ያ ነው የሚያናድደኝ።

እሁድ፣ ግንቦት 24

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አለበለዚያ አይወጣልኝም።

ዮፍታሄ «ስልኩን አባዬ ጆሮ ላይ አድርጊና ብቻችንን ተይን» አለኝ። «ስልኩን ማን ይይዝለታል?» አልኩት። «እሺ፣ አንቺ ያዢው፣ ግን አትስሚ» አለኝ። ጋሽ አለሙ ጆሮ ላይ ያዝኩ። ሰማሁ።

«አባዬ፣ ዋስ አድርጌህ ጥዬህ ሄድኩ። በእኔ ፈንታ አንተ እየተመላለስክ ነው። ይቅር በለኝ። ዳኛው ፊት ከመቆሜ በፊት መርቀኝ።»

ጋሽ አለሙ ዓይኔን አዩ፣ እኔ ወለሉን አየሁ።

«ተባረክ» አሉት። ከዚያ የእውነት ሳሉ።

«አሜን» አለ ዮፍታሄ። «ዛሬ ድምፅህ ጠንክሯል፣ እግዚአብሔር ይመስገን!»

ስልኩ ሲዘጋ ጋሽ አለሙ ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ። «የወንድሜን ይቅርታ እኔ ሰጠሁ» አሉ። «ማን ሰጥቶኝ? ሁለተኛ እንዳትጠሪኝ ልጄ። ሳሌን ውሰጂ፣ ይሄን ግን አልችልም።»

በሚቀጥሉት እሁዶች «ተኝቷል» እላለሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

የጋሽ አለሙ ልጅ ሃሴት ስልኳን ይዛ መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ፌስቡክ ገጽ ላይ የአባዬ ቀብር አለ! የለጠፈው ልጅ ለቅሶው ላይ አልነበረም፤ ማስጠንቀቂያውን አልሰማም። የአባዬን ፎቶ አቅፌ ከሬሳ ሣጥኑ ፊት ስሄድ ይታያል፤ ሥሩ ስሙና ቀኑ ተጽፏል።

በአንድ ሰዓት ውስጥ አስጠፋችው። ከአንድ ወር በላይ ቆይቷል ማለት ነው። ማን ያየዋል? ከመዘምራኑ ቤተሰብ በቀር ማን ያየዋል ይሄን ገጽ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

መቀበያው ላይ ነኝ። እዚያ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። አሁን ገብቷል።

አንድ እንግዳ የተሳሳተ ቁልፍ ሰጠሁት። ተመልሶ መጣ።

ኅብረቱ ዝግጁ ነው። ነገ ማልደው ይሄዱለታል፣ አራት ሰዎች።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አልደወለም።

አሥራ አንድ ሰዓት። አልደወለም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደወለ። ኅብረቱ ገና አልደረሰም ነበር።

«ኤልሳቤጥ» አለኝ። ኤልሲ አላለኝም።

የሆነውን ነገረኝ፤ ድምፁን አንድም ጊዜ ከፍ አላደረገም። የመንግሥት ጠበቃው «አባትህን መቼ ነው ያነጋገርከው?» ብሎ ጠየቀው። «ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሁድ ቀን፣ መርቆኛል» አለ። «አሁንም ይጠሩታል?» «አዎ፣ ይጠሩታል።» ሰውየው ወረቀት አወጣ። ፎቶው ነው። እኔ የአባዬን ፎቶ አቅፌ። አስተርጓሚዋ፣ የእኛው አገር ሴት፣ ሥሩ ያለውን እንድታነብ ታዘዘች። «የአባታችን የአቶ ካሳሁን» ብላ ጀምራ አቆመች። ዳኛውን ውኃ ልጠጣ ብላ ጠየቀች። ከዚያ ጨረሰችው።

«መርዶዬን የነገረችኝ አስተርጓሚ ናት» አለ ዮፍታሄ። «ሥራዋ ስለሆነ ልታጽናናኝ እንኳ አልተፈቀደላትም። በዓይኗ ብቻ ነው ያጽናናችኝ። እኔ ወንበሩን ይዤ ቆሜ ሰውየው ምን ይላል መሰለሽ? 'ይህ ሰው አባቱ መሞቱን እያወቀ ዋሽቷል፤ ስለዚህ የቀረውም ውሸት ነው።'»

«ለአንተ ብለን ነው» አልኩት።

«የመረቀኝ ማነው?» አለ።

«ጋሽ አለሙ።»

ዘጋው። ከደቂቃ በኋላ የኅብረቱ ሰዎች በሩን እንዳንኳኩ መልእክት ጻፉልኝ። ቆመው ሊነግሩት የመጡትን እሱ ቁጭ ብሎ ነገራቸው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ጠበቃዋ በዋትሳፕ ጻፈችልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዳኛው ሃያ አንድ ቀን ሰጥቷል። ቤተሰቡ ሞቱን ከዮፍታሄ መደበቁን የሚያሳይ ማስረጃ ትፈልጋለች። የእትዬ ወርቄም የጋሽ አለሙም ደብዳቤ ይጠቅማል፤ ግን አሁን የተጻፈ ደብዳቤ አሁን ሊፈበረክ ይችላል ይላሉ። «ያኔ፣ በዚያው ሰሞን የተጻፈ ነገር አላችሁ?»

ሳላስብ «የማስታወሻ ደብተር አለኝ» ብዬ መለስኩ። ወዲያው መልሱ መጣ። በጣም ጥሩ፤ ሙሉውን፤ ምንም ገጽ ሳይጎድል፤ ከትርጉሙ ጋር። ዮፍታሄም ቃሉን ሲሰጥ ስለሚጠየቅበት ማንበብ አለበት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ደብተሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። «አደራ ማለት ከሩቅ ቀላል ነው።» ይህን ወንድሜ ያነባል። «ቀለል አለኝ።» ይህንንም ያነባል።

ሌላው ይቅር፤ የረቡዕዋን ቅጠል ብቻ ላወጣት ፈለግኩ። ምላጭም ይዤ ነበር። ግን ድንኳኑ ውስጥ የተወሰነው ነገር፣ ዮፍታሄን የሚያድነው፣ ያለው በዚያችው ቅጠል ጀርባ ነው። አንዱን ቀድጄ ሌላውን መላክ አይቻልም። ያን ቀን ስንፍናዬ ነው አዲስ ቅጠል ያላስጀመረኝ።

እንግዲህ ሁሉም የሚነበብ ከሆነ አንድ ነገር ላርም። እጄ ሳሙና ነበር ብያለሁ። ሳሙና ይጠረጋል፤ ፎጣው ትከሻዬ ላይ ነበር። ያላነሳሁት ስለተናደድኩ ነው። እኔ ሁሉን ቀን ይዤው ስውል እሱ በፈለገው ቀን ደውሎ ድምፅ ሊሰማ፣ ዛሬ ደግሞ የእሱ ቀን አይደለም፣ ይጠብቅ አልኩ። ጥሪው ቆመ። አባዬም ቆመ። ከዚያ በኋላ መርዶውን እንደብቅ ሲሉ ቀለል ያለኝ ለዚህ ነው፤ አባዬ ያረፈበትን ሰዓት የሚጠይቀኝ ሰው ለጊዜው አልነበረም።

ምላጩን መልሼ ቦታው አስቀመጥኩት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

መሃል ከተማ ሙክታር ጋ ሄድኩ። ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ይጽፋል፣ ይተረጉማል፤ ለትርጉም ፈቃድና ማህተም አለው። ዮፍታሄን ያውቀዋል፤ ካሜራ ይዋዋሱ ነበር።

ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እየለወጠ ጎን ለጎን ጻፈ። ከዚያ ማንበብ ጀመረ። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ባጃጆቹን አያለሁ። አንዴ ብቅ ብሎ አየኝ፣ ተመለሰ። ሁለተኛ ብቅ አለ።

«እህቴ፣ አንዴ ማህተሜ ካረፈ በኋላ አንድ መስመር አልዘልም፣ አንድ ቃልም አልነካም። አሁን ግን ገና አላረፈም። የረቡዕዋም ትግባ?»

«ትግባ።»

«የትናንት ወዲያዋም? የምላጩ?»

«እሷም።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ አባቴ ሲሞት ሱቅ ውስጥ ሰው እያስተናገድኩ ነበር» አለና ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ።

እሁድ፣ ሐምሌ 13

አልደወለም። አራተኛ እሁድ።

ጋሽ አለሙ በር ላይ ሳሉ። ለአፍታ አባዬ መሰለኝ። ከዚያ እሳቸው መሆናቸውን አስታወስኩ። «ልጁ ደወለ?» አሉኝ። አልደወለም አልኳቸው። አብረን ዓሣ ሾርባ ጠጣን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስለማንም ማውራት አላስፈለገንም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ሔኖክ «አሁን ደግሞ ከምን በኋላ ነው?» አለኝ፤ እየቀለደ። ከምንም በኋላ አይደለም አልኩት። ጥር ብለናል። ደስ ሊለኝ ይገባል፤ ደስ ብሎኛልም። ግን በስልኩ በኩል ያለው ጆሮዬ ሌላ ቦታ ነው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30

ተፈቀደለት!

ጠበቃዋ ናት የጻፈችው። ጥገኝነቱ ተፈቅዷል። ይቆያል። አይመለስም።

መቀበያው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። አንድ የባሕር ማዶ እንግዳ መሃረብ ሰጠኝ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ጓዳ ላከኝ።

ከውሳኔው ላይ አንድ አንቀጽ ልካልኛለች፤ ሙክታር ጋ ሮጬ ሄድኩና በአማርኛ አነበበልኝ። ዳኛው እንዲህ ብሏል፦ «ማስታወሻውን አምኜዋለሁ። ጸሐፊዋ ወንድሟን ለመጥቀም የጻፈችው ቢሆን ኖሮ ስለ ራሷ እንዲህ ያለ ነገር አትጽፍም ነበር። ራሷን በምንም አልሸፈነችም። ስለዚህ በሌላውም ነገር እውነቷን ነው።»

ሙክታር «እዪ፣ ያቺ ገጽ ናት ያወጣችው» አለኝ። አጨብጭቦ ሻይ አዘዘልኝ።

«ራሷን በምንም አልሸፈነችም።» ቤት እስክደርስ ባጃጁ ውስጥ ይህችን ቃል እየደጋገምኩ ነበር። አልተመቸችኝም።

እሁድ፣ ጳጉሜ 2

ደወለ። በእሁዱ ሰዓት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ።

«ኤልሲ» አለኝ። ኤልሲ ሲለኝ ተቀመጥኩ።

ስለ ወረቀቱ ትንሽ አወራን፤ ሥራ ሊፈልግ ነው፤ ካሜራ ሊገዛ ነው። ስለ ጥር ነገርኩት። ጋሽ አለሙን አነጋገራቸው። «ምርቃትዎን አልመልስም፣ የእኔ ነው» አላቸው። እሳቸው ሳቅና ሳል ተቀላቀለባቸው። ከዚያ ስልኩን ለእኔ መለሱልኝና ወደ ጓሮ ወጡ።

«ደብተርሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት» አለ። «መጀመሪያ ላይ ልደውልልሽ አልፈለግኩም። በኋላ ደግሞ እንዴት እንደምጀምር አጣሁ።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ያን ረቡዕ ስልኩ ሲጠራ፣ አባዬ ይሰማ ነበር?»

ደብተሩ ፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። «ቃል አልወጣውም» ይላል። ሙክታር ተርጉሞታል፣ ማህተም አርፎበታል፣ ዳኛው አምኖታል። ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ውሸት ሆኖ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ላርመው በተቀመጥኩበት ቀንም ሳሙናውን ብቻ ነው ያረምኩት።

«ይሰማ ነበር» አልኩት።

«ምንም አላለም?»

ስልኩ አልጋው ላይ ነበር፤ ሲጠራ የዮፍታሄ ፎቶ ይበራል። አባዬ ራሱን ወደዚያ አዞረ። ከአንድ ዓመት በላይ ከሁለት ቃል ሌላ ያልወጣው ሰው፣ ጥርት አድርጎ ነው ያለው። ለዮፍታሄ የነገርኩትን እዚህም እጽፈዋለሁ።

«አንሺው» አለኝ።

ዮፍታሄ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ስልኩን ግን አልዘጋውም፤ እኔም አልዘጋሁትም።